ስለ ነጥብ ፊደል፤ የድሮ ቪዲዮ ጨዋታ ጽሕፈትና የአማርኛ ሆሄያት

ጽሕፈት በሚጻፍበት ዕቃ ምክንያት መልኩን ይለውጣል። በብራና ላይ በሸምበቆ ብርዕ የተጻፈ ፊደል አንድ መልክ አለው፤ በማተሚያ ቤት በእርሳስ የተቀረጸው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በመስታወት ላይ በብርሃን ነጥብ የሚሠራው ፊደል ከሁለቱም የተለየ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረውም ስለዚህ ስለ መጨረሻው ዐይነት ነው። ይኸውም በመጀመሪያዎቹ የቪዲዮ ጨዋታዎች ላይ የተጫዋቹን ነጥብ፣ ስሙንና የጨዋታውን ትእዛዝ ለማሳየት የተሠራው፣ ዛሬም የድሮውን መልክ የሚወዱ ጨዋታ ሠሪዎች በፈቃዳቸው የሚጠቀሙበት ፊደል ነው። በውጭ ቋንቋ ፒክስል ፎንት ወይም ቢትማፕ ፎንት ይባላል፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የነጥብ ፊደል እለዋለሁ።

«ይህ የጨዋታ ነገር ነው፤ ለትምህርት ቤት መጽሔት ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ የነጥብ ፊደል በሒሳብ ክፍል የተማርነውን የሁለትዮሽ ቁጥር በዐይን የምናይበት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ገዛ ፊደላችን አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። አንድ የአማርኛ ፊደል ማንነቱን ሳያጣ ሊኖርበት የሚችለው ከሁሉ የጠበበ ቦታ ምን ያህል ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ካላገኘን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚጫወቱአቸው ጨዋታዎች በሌላ ሰው ፊደል እየተጻፉ ይቀራሉ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።

1. የነጥብ ፊደል ምንድን ነው?

ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር እንውሰድና በአንዱ ገጽ ላይ ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 ካሬ ያለው ሰንጠረዥ እናስምር። በጠቅላላው 64 ካሬዎች ይሆናሉ። ከእነዚህ አንዳንዱን በእርሳስ አጥቁረን ሌላውን ነጭ ብንተወው አንድ ሥዕል ይወጣል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ካሬው ወይ በሙሉ ይጠቁራል፣ ወይ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ግማሹን ማጥቆር ወይም ሰያፍ መሥመር ማሳለፍ አይፈቀድም። እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ነጥብ ልንለው እንችላለን።

ኮምፒዩተር ይህን ሥዕል የሚያስታውሰው በቁጥር ነው። ጥቁሩን ካሬ 1፣ ነጩን ካሬ 0 ይለዋል። አንዱ 1 ወይም አንዱ 0 ቢት ይባላል፤ 8 ቢት ተሰብስቦ አንድ ባይት ይሆናል። ስለዚህ 8 ካሬ ያለው አንድ ረድፍ በአንድ ባይት ውስጥ ልክ ይገባል፤ 8 ረድፍ ያለው ሙሉ ፊደልም 8 ባይት ብቻ ይፈጃል።

ረድፉን ወደ ተለመደው ቁጥር ለመመለስ ለየዓምዱ ዋጋ እንሰጠዋለን። ከግራ ወደ ቀኝ የዓምዶቹ ዋጋ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነው። የጠቆሩትን ዓምዶች ዋጋ ስንደምር የረድፉ ቁጥር ይገኛል። ይህንን ቆይተን በአማርኛ ፊደል ላይ እንሠራበታለን።

2. 8 በ8 ለምን ተመረጠ?

ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ የማስታወሻ ቦታ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች የነበረባቸውን ችግር መገመት ያስቸግራል። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 ያወጣውን ፋሚኮም የተባለ የቤት መጫወቻ መሣሪያ እንደ ምሳሌ እንመልከት። መሣሪያው በቴሌቪዥን ላይ የሚያሳየው ሥዕል ወደ ጎን 256፣ ወደ ታች 240 ነጥብ ነበረው። ይህም 61,440 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 2 ቢት ቢፈጅ መላውን ሥዕል ለማስታወስ 15,360 ባይት ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ለዚህ ሥራ የነበረው የሥዕል ማስታወሻ 2,048 ባይት ብቻ ነበር።

ታዲያ ምን ዘዴ ተገኘ? ግንበኛ ቤት ሲሠራ ግድግዳውን እንዳለ አይፈጥረውም፤ ጡብ በጡብ ላይ ይደረድራል እንጂ። መሐንዲሶቹም እንደዚሁ መስኮቱን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ጡቦች ከፈሉት። ወደ ጎን 32፣ ወደ ታች 30 ጡብ ሲሆን ጠቅላላው 960 ነው። የጡቦቹ መልክ በጨዋታው ካርቶን ውስጥ አስቀድሞ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ መሣሪያው የሚያስታውሰው «በዚህ ቦታ ቁጥር 17 ጡብ አለ፣ በዚያ ቦታ ቁጥር 40 ጡብ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። እንግዲህ 15,360 የነበረው ሸክም ለጡቦቹ ቁጥር ወደ 960 ባይት ወረደ።

የጡቡ ቁጥር በአንድ ባይት ስለሚጻፍና አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሚቈጥር ለኋላ ሥዕሉ በአንድ ጊዜ የሚያገለግሉት የጡብ ዐይነቶች 256 ነበሩ። ሰማዩም፣ ዛፉም፣ ግንቡም፣ ፊደሉም ከእነዚሁ 256 ውስጥ ነው የሚወጣው። ይህንን 256 የሚለውን ቁጥር አንባቢ እንዳይረሳው አደራ እላለሁ፤ ወደ ኋላ ለአማርኛ ዋና መሰናክል ሆኖ እናገኘዋለን።

3. የላቲን ፊደል እንዴት ገባበት?

ለላቲን ፊደል ይህ ቤት አልጠበበውም። 26 ትላልቅ ፊደሎችና 10 አኃዞች ተደምረው 36 ይሆናሉ፤ ከ256 ጡቦች ውስጥ 36ቱን ቢወስዱ ለሥዕሉ ብዙ ይተርፋል። የፊደሎቹም ቅርጽ ቀላል ነው። ወደ ጎን 7፣ ወደ ታች 7 ነጥብ ይበቃቸዋል፤ 8ኛው ዓምድና 8ኛው ረድፍ ፊደል ከፊደል እንዳይጣበቅ ባዶ ይተዋሉ።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት ሁሉ ታዋቂ የሆነው የአታሪ እኅት ኩባንያ የነበረው ኪ ጌምስ በ1976 ባወጣው ኩዊዝ ሾው በተባለ ጨዋታ ላይ የታየው ፊደል ነው። ይህ ፊደል በኋላ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ እየተላለፈ በብዙ ጨዋታዎች ላይ ታይቷል። ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ያወጣው ፓክማንም የዚህን ፊደል ቅርጽ ተጠቅሟል። የፓክማን መስኮት 224 በ288 ነጥብ ሲሆን በጡብ ሲለካ 28 በ36 ነው።

እነዚህን ፊደሎች አተኩሮ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ወደ ጎን የሚሄደው መሥመር የአንድ ነጥብ ውፍረት ሲኖረው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው መሥመር ብዙውን ጊዜ የሁለት ነጥብ ውፍረት አለው። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። በዚያን ዘመን በነበረው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ላይ የአንድ ነጥብ ስፋት ያለው ቁም መሥመር ይደበዝዛል፤ ቀለሙም ይዘበራረቃል። ሁለት ነጥብ ሲሆን ግን ጠንክሮ ይታያል። እንግዲህ ሠዓሊው ቅርጹን የመረጠው የሚታይበትን መስታወት ጠባይ ካወቀ በኋላ ነው።

ከጨዋታ ወጥተን ወደ ሥራ ኮምፒዩተር ብንሄድ በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። የመስኮቱ ስፋት 512 በ342 ነጥብ ነበር። ሱዛን ኬር የተባለች ሠዓሊ ለዚህ ኮምፒዩተር ሺካጎ የተባለውን የነጥብ ፊደል ሠራች። በዚህ ፊደል ውስጥ ቀጭኑ ሆሄ ጠባብ ቦታ፣ ሰፊው ሆሄ ሰፊ ቦታ ተሰጠው እንጂ ሁሉም በእኩል ጡብ ውስጥ እንዲታሰር አልተደረገም። ይህ ሐሳብ ለአማርኛ የሚጠቅም መሆኑን በመጨረሻው ክፍል እመለስበታለሁ።

4. «በ» እና «ብ» በካሬ ደብተር ላይ

አሁን ወደ ገዛ ፊደላችን እንምጣ። ለሙከራ የበን ቤት መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ሁለት እግርና አንድ ጣሪያ ብቻ ስላለው ለመሣል ቀላል ነው። «በ» በ8 በ8 ሰንጠረዥ ውስጥ እንዲህ ይሆናል።

01111000
01001000
01001000
01001000
01001000
01001000
01001000
00000000

የመጀመሪያው ረድፍ 64፣ 32፣ 16 እና 8 ሲደመር 120 ነው። የእግሮቹ ረድፍ 64 እና 8 ሲደመር 72 ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ «በ»ን የሚያውቀው 120፣ 72፣ 72፣ 72፣ 72፣ 72፣ 72፣ 0 በሚሉት 8 ቁጥሮች ነው።

ሳድሱ «ብ» በግራ እግሩ ላይ ወደ ግራ የወጣች አጭር ጭረት አለችው። እርስዋን ስንጨምር እንዲህ ይሆናል።

01111000
01001000
01001000
11001000
01001000
01001000
01001000
00000000

የተለወጠው 4ኛው ረድፍ ብቻ ነው፤ 72 የነበረው 200 ሆነ። የሌሎቹም አሠራር በዚሁ መንገድ ይቀጥላል። «ቡ» በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ፣ «ቢ» በቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ሁለት ነጥብ ይጨመርላቸዋል። «ባ» የግራ እግሩ ያጥራል፤ «ቦ» የቀኝ እግሩ ያጥራል። «ቤ» ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ቀለበት ይፈልጋል። ቀለበት ደግሞ መካከሉ ባዶ ሆኖ ዙሪያው መዘጋት ስላለበት ከ3 በ3 ነጥብ ባነሰ ቦታ ሊሠራ አይችልም። የቀለበቱን አንድ ጎን ከእግሩ ጋር ካጋራነው ተጨማሪ ሁለት ዓምድ ይወስዳል።

እንግዲህ የበ ቤት ሰባቱም ሆሄያት በ8 በ8 ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው «ነገሩ ቀላል ነው፤ አለቀ» ሊል ይችላል። ነገር ግን መግባትና መነበብ አንድ አይደሉም።

5. አንድ ነጥብ የምታመጣው ልዩነት

ከላይ በተሣለው መሠረት በ«በ» እና በ«ብ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ከ64 ካሬዎች 63ቱ አንድ ናቸው። በላቲን ፊደል አንድ ነጥብ ቢጠፋ ቃሉ ብዙውን ጊዜ በሌሎቹ ፊደሎች ርዳታ ይታወቃል። በአማርኛ ግን ያቺ ነጥብ አናባቢውን ይዛ የቆመች ናት፤ አናባቢው ሲለወጥ ደግሞ ሰዋስዉ ይለወጣል።

ምሳሌ ልስጥ። «ብላ» ትእዛዝ ነው፤ «በላ» ግን ያለፈ ነገር የሚያወራ ግስ ነው። «ግባ» ትእዛዝ ነው፤ «ገባ» ወሬ ነው። «ውጣ» ትእዛዝ ነው፤ «ወጣ» ወሬ ነው። የጨዋታ መስኮት ላይ የሚጻፉት ቃላት ደግሞ አብዛኛዎቹ ትእዛዞች ናቸው። ተጫዋቹ በሩ ፊት ቆሞ «ግባ» የሚለውን ማንበብ ሲገባው «ገባ» ብሎ ቢያነብ፣ ማን እንደ ገባ እያሰበ ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም። ስለዚህ ለእኛ የነጥብ ፊደል ማማሩ ሁለተኛ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ነገር የግሱን ዐይነት ማሳወቁ ነው።

ይህንን ለመፈተን ጥቂት ቃላትን በኮምፒዩተር ላይ በ8 በ8 እና በ16 በ16 ሣልኋቸውና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታናሽ እኅቴ በክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ቆማ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። በትንሹ ሰንጠረዥ የተጻፈውን «ቤት» «ቢት» ብላ አነበበችው፤ «ብላ» የሚለውንም «በላ» አለችው። በትልቁ ሰንጠረዥ የተጻፉትን ግን ሳትቸገር አነበበች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በትንሹ ቀለበት ውስጥ ያለው ባዶ አንዲት ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ ከሩቅ ሲታይ ይሞላል፤ ቀለበት መሆኑም ይቀራል። የአንድ ሰው ንባብ ለሁሉ ማስረጃ ባይሆንም፣ ፊደልን ገና በመለማመድ ላይ ያለ ልጅ የሚሰናከልበትን ስፍራ አሳይቶኛል።

6. ስንት ነጥብ ይበቃናል?

እንግዲህ የጨዋታ ፊደል ሠሪዎች እንዳደረጉት ቁም መሥመሩን ሁለት ነጥብ እናወፍረውና እንቍጠር። «በ» ሁለት እግር ስላለው 2 እና 2፣ በመካከሉም 2 ባዶ፣ በጠቅላላው 6 ዓምድ ይሆናል። «ቤ» ለቀለበቱ አንድ ባዶና ሁለት ነጥብ ሲጨመርለት 9 ይሆናል፤ ከጎረቤቱ የሚለየው ባዶ ዓምድ ሲታከል 10 ነው። ገና በዚህ 8ን አልፈናል።

እንደ «ሐ» እና እንደ «ጠ» ያሉትን ባለ ሦስት እግሮች ስንወስድ ደግሞ ሦስቱ እግሮች 6፣ በመካከላቸው ያሉት ሁለት ባዶዎች 2፣ በድምሩ 8 ዓምድ ነው። «ጤ» ከነቀለበቱ 11፣ ከመለያው ባዶ ጋር 12 ይደርሳል። «ጨ» በ«ጠ» ላይ በግራና በቀኝ ቀለበት ስለሚጨምር ከዚህም ይበልጣል። ወደ ታች ስንሄድ «ቼ» በራሱ ላይ ሰረዝ፣ ከዚያ በታች የመስቀሉ ክንድ፣ ከእግሩ ሥር ቀለበት ስላለው በቀጭን መሥመር እንኳ ሲሣል 7 ረድፍ ይሞላል፤ ሲወፍር አይበቃውም። ከዚህ ሁሉ የደረስሁበት መደምደሚያ፣ ለአማርኛ 12 በ12 ጠባብ ቤት መሆኑንና ሁሉም ሆሄያት ተደላድለው የሚቀመጡት በ16 በ16 ውስጥ መሆኑን ነው።

ዋጋውን እንመልከት። 33ቱ ዋና ፊደሎች በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህም እንደ «ቋ» እና እንደ «ጓ» ያሉትን ዲቃላዎች ሳይጨምር ነው። በ8 በ8 ቢሆን 231 በ8 ሲባዛ 1,848 ባይት ነው። በ16 በ16 አንዱ ፊደል 32 ባይት ስለሚፈጅ 7,392 ባይት ይሆናል። ለላቲኑ 36 ምልክቶች ግን 288 ባይት ይበቃል። ከላይ አደራ ያልሁትን 256 የሚለውን ቁጥር ብናስታውስ ችግሩ ይበልጥ ይታያል። አንድ የ16 በ16 ፊደል 4 ጡብ ይወስዳል፤ 256 ለ4 ሲካፈል 64 ነው። መላውን የጡብ ሳጥን ለፊደል ብንሰጠውና አንድም ዛፍ ባንሥል እንኳ በፋሚኮም ላይ በአንድ ጊዜ ከ64 በላይ የአማርኛ ሆሄያት ማኖር ባልተቻለ ነበር።

«ሞክሼዎቹን ፊደሎች እንቀንስ» የሚል ሐሳብ ከዱሮ ጀምሮ ሲነገር የቆየ ስለ ሆነ በዚህም ረገድ ቍጥሩን አስቤዋለሁ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ቢቀሩ 28 ፊደሎች፣ ማለትም 196 ሆሄያት ይኖራሉ። እያንዳንዱ 4 ጡብ ሲወስድ 784 ጡብ ነው። ከ256 ጋር ሲነጻጸር አሁንም ሦስት እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ፊደል መቀነስ ይህን ችግር አያቃልልም።

ዋናውን ፊደልና የድምፁን ምልክት ለያይቶ ማስቀመጥስ? ጃፓኖች በፋሚኮም ጨዋታዎች ላይ እንዲህ ያለ ዘዴ ተጠቅመዋል። ድምፅን የሚለውጠውን ትንሽ ምልክት ከፊደሉ በላይ ባለው ጡብ ለብቻው ያስቀምጡት ነበር። በዱሮው የአማርኛ የጽሕፈት መኪናም ብዙዎቹ ሆሄያት የሚወጡት ዋናው ፊደል ከተመታ በኋላ ምልክቱ ለብቻው ሲመታበት ነበር። ነገር ግን የእኛ ምልክት ከፊደሉ አካል ጋር የተዋሐደ ነው። «ባ» ምልክት ተጨምሮበት የተገኘ አይደለም፤ እግሩ አጥሮ የተገኘ ነው። «ሩ» እና «ፉ»ም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ዘዴው ለጥቂት ቤቶች ቢረዳም ለሁሉ አይሆንም።

ይልቅስ የሚረዳን ሌላው የጃፓኖች ብልሃት ነው። በ1986 የወጣው ድራገን ኩዌስት የተባለ ጨዋታ በጠቅላላው 64 ኪሎ ባይት ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት ሠሪዎቹ ካታካና ከሚባለው ፊደላቸው ሁሉንም ሳይሆን የተመረጡትን ብቻ አስገብተው፣ የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም በእነዚያ ፊደሎች ሊጻፍ በሚችል አኳኋን አወጡ። እኛም «ጀምር»፣ «ቀጥል»፣ «ውጣ»፣ «ነጥብ»፣ «ስም»፣ «ደረጃ»፣ «ሕይወት» የሚሉትን ሰባት ቃላት ብንወስድ የሚያስፈልጉን ልዩ ልዩ ሆሄያት 18 ብቻ ናቸው። 18 በ32 ሲባዛ 576 ባይት ነው። ይህ ለጥንቱም መሣሪያ የሚከብድ አልነበረም።

ከስሌቱ አንድ ያስደሰተኝ ነገር ደግሞ አለ። የአማርኛ ፊደል ሰፊ ቢሆንም ቃሉ አጭር ነው፤ አንዱ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይሄዳልና። «ውጣ» ሁለት ሆሄ ሲሆን በ16 ስፋት 32 ነጥብ ይወስዳል። የእንግሊዝኛው «ኤግዚት» አራት ፊደል ስለ ሆነ በ8 ስፋት እርሱም 32 ነው። «ስም» 32 ነው፤ የእንግሊዝኛው «ኔም»ም 32 ነው። «ጀምር» 48 ሲሆን «ስታርት» 40 ነው። እንግዲህ ወደ ጎን ብዙ አንጎዳም። የምንከፍለው ዋጋ በቁመት ነው፤ 30 መሥመር ይጻፍበት በነበረው መስኮት ላይ 15 መሥመር ብቻ እንጽፋለን።

7. ዛሬ ያለንበት ሁኔታ

ያ ሁሉ የማስታወሻ እጥረት ዛሬ የለም። 7,392 ባይት አንድ ፎቶግራፍ ከሚወስደው ቦታ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደልም በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ የ«በ» 4704 ነው። ሆሄያቱ በተራ ስለ ተቀመጡ ከግዕዙ ወደ ሳድሱ ለመድረስ 5 መጨመር ነው፤ «ብ» 4709 ነው። ስለዚህ በማሽኑ ዘንድ «በ» እና «ብ» ፈጽሞ አይምታቱም። የሚምታቱት በዐይናችን ፊት ነው፤ ዩኒኮድ ቁጥር ይሰጣል እንጂ መልክ አይሰጥምና።

መልኩን መሥራት ገና ብዙ ይቀረዋል። ከናምኮ ጨዋታዎች ፊደል ተቀድቶ የተሠራውና ጨዋታ ሠሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ፕሬስ ስታርት የተባለው ፎንት የላቲን፣ የግሪክና የሩሲያ ፊደሎችን ይዟል፤ የእኛ ግን የለበትም። በሌላ በኩል ሮማን ቺቦራ በ1998 የጀመረው ዩኒፎንት የተባለ ሥራ የብዙ ሕዝቦችን ፊደል በ8 በ16 እና በ16 በ16 ነጥብ የያዘ ሲሆን የኢትዮጵያ ፊደልም በውስጡ አለ።

ይህን ዩኒፎንት ብዙዎቻችን ሳናውቀው አይተነዋል። ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ በጃቫ እትሙ ላይ በራሱ ፎንት የሌለውን ፊደል ከዩኒፎንት ይወስዳል። በዚህ ምክንያት አማርኛ ስንጽፍ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ አይቀርም። ይሁን እንጂ የጨዋታው የራሱ ፊደል በ8 ነጥብ ቁመት የተሠራ ስለ ሆነ፣ ባለ 16ቱ ፊደላችን ከጎኑ ሲቆም እያንዳንዱ ነጥቡ በግማሽ ያንሳል። የላቲኑ ጽሕፈት ወፍራም፣ የእኛ ቀጭን ሆኖ ይታያል። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም፤ እንዲያውም ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ፊደል የደከሙት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በሰው ሠርግ ላይ የተዋሰ ልብስ ለብሶ እንደ መገኘት ነው። ልኩን ለክቶ የሚሰፋው የራስ ሰው ያስፈልጋል።

8. ለመሥራት ለሚፈልጉ ጥቂት ምክር

በመጨረሻ፣ ይህን ሥራ ለመሞከር ለሚፈልጉ ጓደኞቼ ከሠራሁት ያገኘሁትን በአጭሩ እዘረዝራለሁ።

ሀ) ሥራውን በኮምፒዩተር አትጀምሩ። ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይበቃል። በ16 በ16 ሰንጠረዥ ጀምሩ፤ የታችኛውን ረድፍና የቀኙን ዓምድ ባዶ ተዉ።

ለ) በሆሄያት ተራ አትሂዱ። መጀመሪያ ለጨዋታችሁ የሚያስፈልጉትን ቃላት ጻፉ፤ ከዚያ በቃላቱ ውስጥ ያሉትን ሆሄያት ብቻ ሣሉ። 231ዱን ሁሉ ለመጨረስ የተነሣ ሰው በመካከሉ ይሰለቻል፤ በ18 የጀመረ ግን ሥራው ሲታይ ስለሚበረታታ ይቀጥላል።

ሐ) የአንዱን ቤት ሰባት ሆሄያት ጎን ለጎን አቁማችሁ ተመልከቱ። ማንኛቸውም ሁለቱ ቢያንስ በሦስት ወይም በአራት ነጥብ ይለያዩ። በአንዲት ነጥብ ብቻ የሚለያዩ ከሆነ ምልክቱን አርዝሙት።

መ) በቀለበት ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከ2 በ2 ነጥብ አይነስ። «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለየው ያ ባዶ ነው።

ሠ) የሺካጎን ፊደል ትምህርት አስታውሱ። ባለ አንድ እግሩ «ገ» እንደ «ጠ» ሰፊ ቦታ አያስፈልገውም። ለየሆሄው በአካሉ ልክ ስፋት ስጡት፤ ጽሑፉ ይሰበሰባል፣ ንባቡም ይቃናል።

ረ) ፊደሉን በኮምፒዩተር ስታሳድጉት በሙሉ ቁጥር ብቻ አባዙት፤ 2 ጊዜ፣ 3 ጊዜ፣ 4 ጊዜ። በአንድ ተኩል ቢባዛ አንዱ ነጥብ ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል፤ የደከማችሁበት ቅርጽ ሁሉ ይበላሻል።

ሰ) ሥራችሁን ፊደልን በቅርብ ለተማረ ልጅ አሳዩ። እኛ ትልልቆቹ ቃሉን ከልማድ ስለምንገምተው ጉድለቱን አናየውም፤ ልጁ ግን የሚያነበው ያየውን ብቻ ነው።

በቀደመው ዘመን ሰንጠረዡ በላቲን ፊደል ልክ የተሠራው ማስታወሻ ስላልነበረ ነው፤ ዛሬ ያ ምክንያት ቀርቷል። እንግዲህ ፊደላችንን ለሰንጠረዡ ስንል የምንቆርጥበት ምክንያት የለም፤ ሰንጠረዡን ለፊደላችን ማስፋት ይቻላል። የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ ደብተር የሚገዛ ነው፤ የሚፈጀው ጊዜም የጥቂት ቅዳሜዎች ዕረፍት ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣ አንድ ተማሪ 231ዱን ሆሄያት በትዕግሥት ሥሎ ለሁሉ በነጻ ቢሰጥ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጨዋታ ሠሪ «የአማርኛ ፊደል አላገኘሁም» የሚል ምክንያት አይኖረውም። እኔ 18ቱን ጨርሼ ወደ ለ ቤት ገብቻለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራ ቢገኝ ደስታውን አልችለውም።